ታላቄን አየር ላይ እንዴት «አይሆንም» ልበላቸው?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ» ብለህ የጀመርከው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለአንባቢዎች በአጭሩ ላስተዋውቀው፦ ጠያቂያችን የአዘዞ ልጅ ነው፤ የንግድ በረራ ፈቃዱን ካገኘ ገና ዓመት ያልሞላው አብራሪ ሲሆን፣ በቅርቡ በአንድ የአየር ላይ ቅየሳ ድርጅት ተቀጥሮ ከመስቀል በኋላ ሥራ ይጀምራል። የመጀመሪያ ምድቡ ተወልዶ ያደገበት ጎንደር ነው፤ ከደንቢያ ሜዳ እስከ ወገራ ደጋ ያለውን መሬት በትይዩ የበረራ መስመሮች እየተመላለሱ ለካርታ ሥራ ፎቶግራፍ ማንሣት። አብረውት የሚበሩት የካሜራ ኦፕሬተር በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ፣ በዚሁ ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። «ባልደረቦቼ እንደነገሩኝ እርሳቸው ካዘዙ ፓይለቱ እሺ ነው የሚለው፤ እኔም ታላቄን አየር ላይ ‹አይሆንም› ለማለት አንደበቴ አይፈታም» ይላል። ከዚህ ሌላ ሥራው «ቀጥ ብሎ መመላለስ ብቻ ነው» መባሉ እውነት እንደሆነ ይጠይቃል፤ እናቱ «ይህን ሁሉ የተማርከው ፎቶ አንሺ ልትሆን ነው እንዴ?» እንዳሉትና የክፍያው ውልም እንዳሳሰበው ጽፏል።

ከጥያቄዎችህ ሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት ስለ አውሮፕላኑ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው አዛዥ አብራሪው ነው፤ ደንቡ ማን በዕድሜ እንደሚበልጥ አይጠይቅም። ይህን ለፈተና አጥንተኸዋል። ይሁን እንጂ ደንቡን ማወቅና ካሜራ ኦፕሬተሩ ጋሼ ከኋላህ ሆነው «አንድ መስመር ብቻ ነው የቀረችን፣ እርሷን ጨርሰን እንግባ» ሲሉህ እምቢ ማለት ለየቅል ናቸው። ታላቅ ሲናገር ማዳመጥን፣ ሲገባ ከወንበር መነሣትን እየተማርክ ያደግክ ልጅ ነህ፤ ያ አስተዳደግ መሬት ላይ ያስከብርሃል፣ አየር ላይ ግን ይሉኝታ ሆኖ እጅህን ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ ክርክሩን ለአየር አታቆየው። ጋሼ የሚያዙበት ጉዳይ አለ፤ በዚያም ሙሉ በሙሉ ሊታዘዙ ይገባል፦ የትኛው መስመር ይቅደም፣ የትኛው ተበላሽቶ ይደገም፣ ፎቶው ላይ የደመና ጥላ አርፏል ወይስ አላረፈም የሚለው የእርሳቸው ነው፤ ያንተ ዓይን ያላየውን የእርሳቸው ስክሪን ያየዋልና በዚህ አትሟገታቸው። አውሮፕላኑ ይነሣ ወይስ ይቅር፣ እስከ ምን ድረስ ዝቅ ይበል፣ ምን ያህል ያጋድል፣ ስንት ነዳጅ ሲቀር ይመለስ የሚለው ደግሞ ያንተ ብቻ ነው። ይህን ድንበር ከመጀመሪያው በረራ በፊት ባለው ቀን ቡና ላይ ተቀምጣችሁ በግልጽ ተነጋገሩበት። እንዲህ ብትላቸው የሚቀየሙህ አይመስለኝም፦ «ጋሼ፣ እርስዎ በዚህ ሥራ አባቴ ነዎት፤ መስመሩን እርስዎ ይምሩኝ። ‹እንመለስ› ያልኩ እንደሆነ ግን መጀመሪያ እንመለስ፤ ምክንያቱን መሬት ላይ አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ፣ ከተሳሳትኩም እዚያው ይቆጡኝ።»

ሁለተኛው መላ ቃሉን ካንተ አፍ ወደ ወረቀት ማዛወር ነው። ሞተር ከማስነሣትህ በፊት የመመለሻውን ሰዓትና የመመለሻውን የነዳጅ መጠን ጉልበትህ ላይ በምታስረው ወረቀት በትልቁ ጻፍ፤ ለእርሳቸውም ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ሰዓቱ ሲደርስ «ጋሼ፣ የተስማማንባት ሰዓት ደረሰች» ማለት ታላቅን መቃወም አይሆንም። አየር ላይ ስትናገር ደግሞ አታለሳልስ። «ትንሽ የከበደ ይመስለኛል» የሚል አነጋገር በሞተር ጩኸት መካከል በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ምንም አልነገራቸውም። «ደመናው እየዘጋ ነው፤ ወደ አዘዞ ዞሬያለሁ» በልና ዙር።

ጋሼን ግን እንደ ባላጋራ አትያቸው። ቢሮው የሚመዝናቸው በተጠናቀቀ መስመር ነው፤ ያልተጠናቀቀች አንዲት መስመር ነገ ሌላ በረራ፣ ሌላ ነዳጅ፣ ምናልባትም ሌላ ሳምንት ደመና መጠበቅ ማለት ስለሆነች ቢጓጉ አይፈረድባቸውም። ከዚህም በላይ ብዙ አብራሪ ያዩ ሰው ናቸው፤ የትኛው ሸንተረር ዘንድ አየሩ እንደሚንጥ፣ የትኛው ሸለቆ ጠዋት በጉም እንደሚሞላ አንተ ከምታነብበው ካርታ ይልቅ እርሳቸው ሊነግሩህ ይችላሉ። ጠይቃቸው። ሲጠየቅ የኖረ ታላቅ አንድ ቀን «እንመለስ» ሲባል የተናቀ አይመስለውም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልሂድ። «ቀጥ ብሎ መመላለስ ብቻ ነው» ያሉህ ሰዎች አልዋሹም፤ ቀጥ ብሎ መመላለስ ምን እንደሚጠይቅ ግን አልነገሩህም። ለካርታ በሚነሣ ፎቶግራፍ እያንዳንዱ ፎቶ በተለምዶ ከተከታዩ ጋር 60 በመቶ፣ ከጎን ካለው መስመር ፎቶ ጋር ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ይደራረባል፤ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ የሚሰላው አንድ ቦታ ከተለያየ አቅጣጫ ሲታይ ነውና። ከመስመርህ ከወጣህ ወይም ክንፍህ ካዘነበለ በሁለት መስመሮች መካከል ምንም ፎቶ ያልነካው ቀጭን መሬት ይቀራል፤ ያ ክፍተት የሚታወቀውም አንዳንዴ ቡድኑ አካባቢውን ለቅቆ ከሄደ በኋላ ነው። ነፋስ ከጎን ሲመጣ አፍንጫህን ወደ ነፋሱ ታዞራለህ እንጂ ክንፍህን አታጋድልም፤ ካሜራው በማቀፊያው ላይ የዚያኑ ያህል ዞሮ ያካክሳል።

መስመሩን ጨርሶ ወዲያው ጎኑ ወዳለው መዞር የጀማሪ ጥድፊያ ነው። መስመሮቹ የተቀራረቡ ስለሆኑ እንዲህ ያለው አዟዟር ጠባብና አስጨናቂ ይሆናል። የለመዱት አብራሪዎች አንደኛውን ጨርሰው አምስተኛውን ወይም ስድስተኛውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይመለሳሉ፤ መዞሪያው ሰፊና ለስላሳ ይሆንላቸዋል። ብዙ ጊዜ በመዞሪያ ላይ ከ20 ወይም ከ25 ዲግሪ በላይ እንዳታጋድል ትታዘዛለህ፤ ክንፉ በጣም ሲያጋድል የጂፒኤሱ አንቴና ሳተላይቶችን ስለሚያጣ የበረራው የቦታ ልኬት ይቋረጣል። ይህ ትእዛዝ ለካሜራው ተብሎ የወጣ ቢሆንም ለአንተም ይጠቅምሃል።

የሥራው ሰዓትም ጠባብ ነው። ጥላ መሬቱን እንዳይሸፍነው ፀሐይ ከአድማስ ቢያንስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ እንድትል ይጠበቃል። በታኅሣሥ ወር ጎንደር ላይ ይህ የሚሆነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ግን መሬቱ ሲግል አየሩ ይንጣል፣ በደጋው ላይም ደመና መቋጠር ይጀምራል። እንግዲህ የሚያዋጣህ ጠዋቱ ነው፤ 3 ሰዓት ላይ መስመርህ ጫፍ ለመገኘት ከአዘዞ መቼ መነሣት እንዳለብህ ወደ ኋላ ቆጥረህ አስላ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት ሰማዩ ዝናብ ያጠበው ነው፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ በቆላው፣ በመተማና በቋራ በኩል የሚቃጠለው ሣር ጭስና አቧራው ተደምረው አየሩን ያደፈርሱታል። ያኔ ደመና ሳይኖር ፎቶው ይደበዝዛል፣ አንተም ተራራውን ዘግይተህ ነው የምታየው።

አንድ ትንሽ ልማድ ላስይዝህ። ሁልጊዜ ከመነሣትህ በፊት ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ጎንበስ ብለህ ግባና በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ከሞተሩ መተንፈሻ የሚወጣው የዘይት ጭጋግ በሆዱ ሥር ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ካሜራው ወደሚያይበት ቀዳዳ ይደርሳል፤ አንዲት ጠብታ መስታወቱ ላይ ካረፈች የጠዋቱ ሥራ ሁሉ ይበላሻል። ጨርቁ ላይ ከትናንቱ የበዛ ዘይት ካየህ ደግሞ ለካሜራው ብቻ ሳይሆን ለሞተሩም ነውና ሳትነሣ መካኒኩን ጥራ። ጋሼ ከሆዱ ሥር ስትወጣ ካዩህ፣ ከቡናው ንግግር ይልቅ ይህ ነው የሚያስወድድህ።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ፤ በጎንደር ዙሪያ የሚበር ሰው ከነፋሱም ከደመናውም ይልቅ ሊጠነቀቀው የሚገባው እርሱን ነው። የአዘዞው አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 6,450 ጫማ ገደማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው፤ ቀኑ 28 ዲግሪ ከደረሰ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሣ አውሮፕላንህ 9,500 ጫማ ላይ ያለ ያህል ነው የሚሰማው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚያጣ ካሰብክ፣ ሙቀቱን ሳንቆጥር እንኳ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ቆመህ አንድ አምስተኛው ጉልበት የለም ማለት ነው። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) በአውሮፕላኑ መመሪያ መሠረት ሳታቀጥን ከተነሣህ ደግሞ ከቀረው ላይም ታጎድላለህ። ማኮብኮቢያው ለትንሽ አውሮፕላን ከበቂ በላይ ረጅም ነውና አያሳስብህ፤ የሚያሳስበው ሙሉ ነዳጅ፣ ካሜራውና ጋሼ ተጨምረው ከመሬት ከለቀቅክ በኋላ ያለው ዘገምተኛ አወጣጥ ነው። ስለዚህ ሥራህ ወገራ ቢሆንም እንኳ ተራራውን ፊት ለፊት ይዘህ ወደ ሰሜን አትንፏቀቅ፤ መጀመሪያ በደቡብ በኩል፣ በደንቢያ ሜዳ ላይ ወደ ጣና እያቀናህ ከፍታህን ሥራ፣ ከዚያ ተመለስ። አሥር ደቂቃ ነዳጅ ያስወጣሃል፤ ቢሮው ከጠየቀህ ይህ አምድ ነው ያዘዘኝ በል።

ከፍታው የሚያታልልህ በመለኪያዎችህም ላይ ነው። በ11,000 ጫማ አካባቢ የፍጥነት መለኪያህ 100 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነትህ ወደ 120 ኖት ይጠጋል፤ መዞሪያህም ሜዳ ላይ ስትማር ከለመድከው ይሰፋል። ሸለቆ ውስጥ ገብተህ «እዞራለሁ» ብለህ ያሰብክበት ስፋት ላይበቃህ ይችላል። ሸንተረርን ስትሻገርም ፊት ለፊት አትግጠመው፤ በ45 ዲግሪ ገደማ ገደድ ብለህ ቅረበው፣ አየሩ ወደ ታች ሲስብህ በትንሽ መዞር ወደ ሜዳው መመለስ እንድትችል።

ከመሬት በላይ 4,500 ጫማ ሆነህ ፎቶ አንሣ ተባልክ እንበል። አዘዞ ላይ ይህ ወደ 11,000 ጫማ ገደማ ነው፤ መሬቱ ራሱ ወደ 9,000 ጫማ በሚጠጋበት የወገራ ደጋ ላይ ግን 13,500 ጫማ ይሆናል። በዓለም አቀፉ ደንብ ከ10,000 እስከ 13,000 ጫማ ባለው ከፍታ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቆይ አብራሪ ኦክስጅን መጠቀም አለበት፤ ከ13,000 በላይ ደግሞ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ያለ ኦክስጅን አይበርም። ያንተ መስመር ለሰዓታት የሚዘልቅ ስለሆነ ደንቡ በሁለቱም ቦታ ይመለከትሃል። «የደጋ ልጅ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ» እንዳትል። የኦክስጅን እጥረት ሕመም የለውም፤ እንዲያውም ደስ ደስ ይላል፣ ሰውዬው ሁሉ ነገር የተስተካከለለት ይመስለዋል፣ ቀድሞ የሚከዳውም ማመዛዘኑ ነው። በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ሰው ያወቃት በጣት የምትደረገው የኦክስጅን መለኪያ ዋጋዋ ቀላል ነው፤ አንድ ለራስህ፣ አንድ ለጋሼ ያዝ፣ በየመስመሩ መጨረሻ ቁጥሩን ተነጋገሩ። ከደባርቅ አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ መስመር ከተሰጠህ፣ ራስ ደጀን ከ14,800 ጫማ በላይ መሆኑን አስበህ፣ በመጀመሪያው ዓመትህ አካባቢውን ከሚያውቅ አብራሪ ጋር ካልሆነ በቀር አትቀበለው። ይህን እምቢ ማለት የሚያሳፍር አይደለም።

ከካርታው ሥራ ጎን ለጎን ድርጅቱ የከተማውን የጎን ፎቶ ማንሣቱ አይቀርም፤ የፋሲል ግቢንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከአየር ማየት የሚፈልግ ብዙ ነውና። ከሁሉም በላይ የምፈራልህ ይህን ነው። በካርታ ሥራ ከፍ ብለህ ቀጥ ትላለህ፤ እዚህ ግን ዝቅ ብለህ፣ ቀስ ብለህ፣ አንድን ነገር ትዞራለህ፣ ፎቶ አንሺውም መስኮቱን ከፍቶ «ትንሽ ጠጋ፣ ትንሽ አጋድል» ይልሃል። ከፍታህን ጠብቀህ በ30 ዲግሪ ስታጋድል ክንፉ ማንሣት የሚያቅተው (ስቶል የሚባለው) ፍጥነት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በ45 ዲግሪ ወደ 19 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ወደ 41 በመቶ ያድጋል። ነፋስ ከኋላህ ሲሆን መሬቱ በፍጥነት ስለሚያልፍ የፈጠንክ ይመስልሃል፤ ያን አይተህ ጉልበት ከቀነስክ ስቶል ወዳለበት ራስህ ሄድክለት። ግንቡን የሚያየው ፎቶ አንሺው ነው፤ አንተ ክንፍህን፣ የፍጥነት መለኪያህንና አድማሱን ብቻ ተመልከት። ግንቡ ያማረ እንደሆነ ማታ ፎቶው ላይ ታየዋለህ። ዝቅታውንም ደንቡ ወስኖልሃል፦ ከተማ ላይ በ600 ሜትር ዙሪያ ካለው ረጅሙ ነገር 1,000 ጫማ በላይ፣ ሰው በማይበዛበት 500 ጫማ።

የገዛ አገርህ ላይ መብረር ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። የአክስትህ ልጅ ሠርግ ይኖራል፤ «ቤታችን ላይ አንዴ ዝቅ በልልን፣ ልጆቹ ይዩህ» የሚል ስልክ ይደወልልሃል። በዓለም ላይ ስንት ጎበዝ አብራሪ በወላጆቹ ጣራ ላይ ሲያልፍ እንደጠፋ የአደጋ ምርመራ መዝገቦች ይናገራሉ፤ ሲበር የሚያየው ሰው እንጂ መለኪያው አይደለምና በሐሳቡ ያለው። ለቤተሰብህ ከአሁኑ ንገራቸው፤ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደምትበር ለማንም አትናገር። ሳያውቁ አይጠብቁህም፣ ካልጠበቁህም አትፈተንም።

ስለ ፈቃድ ብዙ አልልም። የፎቶግራፍ ፈቃዱን የሚያወጣው ድርጅቱ ቢሆንም ቅጂው ኮክፒት ውስጥ ይኑር፣ የተፈቀደውን ክልል ወሰንና የሚያበቃበትን ቀንም በዓይንህ እይ። ከወሰኑ ውጪ «ለወደፊት ይጠቅመናል፣ ይህችንም እንጨምራት» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ያች ያነበብካት ወረቀት ስለ አንተ ትመልስልህ።

እናትህ ያሉት አልገረመኝም፤ በኛ አገር አብራሪ ማለት አራት መስመር ትከሻው ላይ አድርጎ የመንገደኛ አውሮፕላን የሚነዳ ነው። ነገር ግን በደንቢያም ሆነ በወገራ መሬት ያለው ዘመድ ካላቸው፣ የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሠራ ገበሬው ድንበሩን ያሳየው በኦርቶፎቶ (ልኬቱ እንደ ካርታ በተስተካከለ የአየር ፎቶ) ላይ ሊሆን እንደሚችል ንገራቸው፤ ያ ፎቶ ከላይ ሲነሣ መስመሩን ይዞ ያቀና አብራሪ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ጣሊያኖች ከአየር ያነሷቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎች ከብዙ ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ፣ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ዘንድ ተገኝተዋል፤ ዛሬ ተመራማሪዎች የት ደን እንደነበረ፣ የት ቦረቦር እንደተከፈተ የሚያነጻጽሩት በእነርሱ ነው። የተነሡት ለወረራ ሥራ ነበር፤ ያን ዘመን ከላይ የሚያሳየን ግን ሌላ ብዙ ነገር የለንም። እናትህ ይህም ካላረካቸው ሰዓቱ በሎግ ቡክህ እየተመዘገበ መሆኑንና ነገ አየር መንገድ ለመግባት ብታመለክት እንደሚቆጠርልህ ንገራቸው፤ ይኸኛው የሚያረካቸው ይመስለኛል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ በበረራ ሰዓት ወይም በተጠናቀቀ መስመር ብቻ የሚከፍል ውል አትፈርም። ክረምቱን ሙሉ መሬት ላይ ትቀመጣለህ፤ በበጋም ቢሆን ደመና ሲዘጋ ቀናት ይባክናሉ። ከዚህ የከፋው ግን እንዲህ ያለው ውል ያችን «አንድ የቀረች መስመር» ለአንተም የቤት ኪራይ ማድረጉ ነው፤ ያኔ ለጋሼ እምቢ ለማለት የተዘጋጀኸው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቋሚ ወርኃዊ ደመወዝ ይኑርህ፣ የበረራ ሰዓት ክፍያ በእርሱ ላይ ይታከል። ከመፈረምህ በፊት የሕይወትና የአደጋ መድን፣ የኦክስጅን መሣሪያና ለካሜራው ቀዳዳ ከተከፈተ በኋላ አዲስ የተሠራውን የአውሮፕላኑን የክብደትና ሚዛን ሰነድ እንዲያሳዩህ ጠይቅ፤ ሰነዱ ከቀዳዳው በፊት የተሠራ ከሆነ አዲስ እስኪሠራ ድረስ ሥራ የምትጀምርበትን ቀን አራዝም።